ከረንት ሲቀየር ኢንዳክተር ውስጥ ያለው ኢነርጂ፦ 45 ሚሊጁል ነው ወይስ 105?

ጥያቄው፦ «10 ሚሊሄንሪ የሆነ ኢንዳክተር (የተጠመጠመ ሽቦ፣ ኮይል) ላይ ከረንቱ በ3 ሚሊሰከንድ ውስጥ ከ2 አምፔር ወደ 5 አምፔር ቢጨምር የተጠራቀመው ኢነርጂ በስንት ይጨምራል ይላል። ለውጡ 3 አምፔር ስለሆነ ½ × 0.01 × 3² ብዬ 45 ሚሊጁል አገኘሁ፣ የመልስ ገፁ ግን 105 ነው የሚለው። 60ው ሚሊጁል ከየት መጣ? ደሞ ከረንቱ ቀስ ብሎ ቢጨምር የሚጠራቀመው አያንስም ወይ? ሌላው፣ እንደዚ አይነት ኮይል አለኝ፣ ሽቦው በመልቲሜትር 2 ኦህም ያነባል፣ በ12 ቮልት በሞስፌት (ከረንት የሚያበራና የሚያጠፋ የኤሌክትሮኒክስ ስዊች) ኦን ኦፍ ሳደርገው ሞስፌቱ ይቃጠልብኛል። ሞስፌቱ 60 ቮልት ይችላል ተብሎ የተፃፈበት ነው፣ 12 ቮልት እንዴት ያቃጥለዋል?»

105 ሚሊጁል ነው፣ የመልስ ገፁ ልክ ነው። ያንተ ችግር ስሌቱ ላይ አይደለም፣ ቀመሩ ምንን እንደሚለካ ላይ ነው። ሃፍ ኤል አይ ስኩዌር (½ × በሄንሪ የሚለካው የኮይሉ ኢንዳክታንስ × የከረንቱ ስኩዌር) የሚባለው ነገር ከረንቱ በስንት ተቀየረ ብሎ አይጠይቅም፣ አሁን በዚች ቅጽበት ኮይሉ ውስጥ ስንት አምፔር እየሄደ ነው ብሎ ነው የሚጠይቀው። ስለዚ አይ ቦታ ላይ ለውጡን ስትከት ቀመሩ ያላለውን እያስባልከው ነው። መሰራት ያለበት እንዲህ ነው፦ 5 አምፔር ላይ ½ × 0.01 × 25 ስትል 125 ሚሊጁል፣ 2 አምፔር ላይ ½ × 0.01 × 4 ስትል 20 ሚሊጁል፣ ከዛ 125 ሲቀነስ 20፣ 105። መጀመሪያ ስኩዌር፣ ቀጥሎ መቀነስ ነው። አንተ መጀመሪያ ቀንሰህ ነው ስኩዌር ያደረከው፣ ያ ደሞ የሌላ ጥያቄ መልስ ነው፣ ከረንቱ ከዜሮ ተነስቶ 3 አምፔር ቢደርስ ኖሮ 45 ትክክል ይሆን ነበር።

60ው ግን ዝም ብሎ የሂሳብ ትርፍ እንዳይመስልህ፣ በትክክል የት እንዳለ ማሳየት ይቻላል። ከረንቱ በ3 ሚሊሰከንድ በ3 አምፔር ከጨመረ በሰከንድ 1000 አምፔር ማለት ነው፣ ይሄን በ0.01 ሄንሪ ስታባዛው ኮይሉ ላይ 10 ቮልት አለ ማለት ነው፣ ጭማሪው ቀጥ ያለ መስመር እስከሆነ ድረስ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ 10 ቮልት። አሁን አስብ፣ ይሄ 10 ቮልት ሲጀምር ኮይሉ ውስጥ ቀድሞ የነበረ 2 አምፔር አለ፣ እና እሱ 2 አምፔር 3ቱንም ሚሊሰከንድ በ10 ቮልት ውስጥ እያለፈ ነው፣ 10 × 2 × 0.003 ስትል 60 ሚሊጁል። የጠፋብህ እሱ ነው። አዲስ የመጣው ከረንት ደግሞ ከዜሮ እስከ 3 ስለሚያድግ በአማካይ 1.5 አምፔር ነው፣ 10 × 1.5 × 0.003፣ 45 ሚሊጁል። ሁለቱ ሲደመሩ 105። አንተ አዲሱን ብቻ ቆጥረህ ነባሩን ረሳኸው። እየሮጠ ያለ ጋሪን ፍጥነት መጨመር የቆመውን ከማስነሳት የበለጠ እንደሚያደክመው ነው፣ የፍጥነቱ ጭማሪ እኩል ሆኖ እንኳን።

ቀመሩ ራሱ ከየት እንደመጣ ካወቅክ ደግሞ ሁለተኛ አትሳሳትም። ኮይል ላይ ያለ ቮልቴጅ ኢንዳክታንሱ ሲባዛ ከረንቱ በሰከንድ የሚቀየርበት ፍጥነት ነው። ፓወር ደሞ ቮልቴጅ ሲባዛ ከረንት ነው። ባንተ ምሳሌ ሲጀምር 10 ቮልት በ2 አምፔር፣ 20 ዋት፣ ሲያልቅ 10 ቮልት በ5 አምፔር፣ 50 ዋት፣ መሀል ላይ ቀጥ ብሎ ይጨምራል። ወረቀት ላይ ጊዜን በአግድም ፓወርን በቁም አድርገህ ብትስለው ትራፒዚየም ይወጣል፣ ስፋቱ አማካዩ 35 ዋት ሲባዛ 3 ሚሊሰከንድ ነው፣ 105 ሚሊጁል። ኢንተግራል የሚሉት በቃ ይሄ ስፋት ነው፣ መነሻው ዜሮ አምፔር ሲሆን ትራፒዚየሙ ሶስት ማዕዘን ይሆናል፣ ያ ½ የሚመጣውም ከሶስት ማዕዘኑ ነው። ለፈጣን ማጣሪያ ደሞ ኢንዳክታንስ ሲባዛ አማካይ ከረንት ሲባዛ የከረንት ለውጥ በል፣ 0.01 × 3.5 × 3፣ አሁንም 105። ይቺ አጭር መንገድ ግምት አይደለችም፣ ኢንዳክታንሱ እስካልተቀየረ ድረስ ሁሌም ልክ ናት፣ ፈተና ላይ መልስህን ለማረጋገጥ ጥሩ ናት። አማካይ ስል ግን የመነሻው እና የመድረሻው ግማሽ ድምር ነው፣ የጊዜ አማካይ አይደለም።

ይሄን አንዴ ከያዝክ ተመሳሳይ 3 አምፔር በየደረጃው የተለያየ ዋጋ እንዳለው ታያለህ። ከ0 ወደ 3 ለመውሰድ 45 ሚሊጁል፣ ከ3 ወደ 6 135፣ ከ6 ወደ 9 225፣ ማለትም የመጀመሪያው 1 ቢሆን ሁለተኛው 3 ሶስተኛው 5 እጥፍ ነው። ለዛ ነው «በ3 አምፔር ጨመረ» ብቻ ተብሎ ጥያቄ ከመጣ መልስ የለውም የምለው፣ ከስንት ተነስቶ የሚለው ከሌለ የሚሰላ ነገር የለም።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄህ። ቀስ ብሎ ቢጨምርም የሚጠራቀመው አያንስም፣ ያው 105 ነው። በ3 ሚሊሰከንድም ይሁን በ3 ሰከንድ፣ 5 አምፔር ላይ የደረሰ 10 ሚሊሄንሪ ኮይል 125 ሚሊጁል ይዟል፣ እንዴት እንደደረሰ አያስታውስም። በፍጥነቱ የሚቀየረው ቮልቴጁና ፓወሩ ነው። በ3 ሰከንድ ከሆነ ኮይሉ ላይ የሚወጣው 10 ሚሊቮልት ብቻ ነው፣ አማካይ ፓወሩም 35 ሚሊዋት ይሆናል፣ ግን ሺ እጥፍ ስለሚቆይ ድምሩ እዛው ነው። ብዙ ሰው ኢነርጂንና ፓወርን አንድ አድርጎ ስለሚያስብ ነው እዚ ጋር የሚጠፋበት።

ቀስ ሲል የሚቀየር ሌላ ነገር ግን አለ፣ ሽቦው ላይ የሚቃጠለው። ኮይልህ 2 ኦህም አለው ብለሃል፣ ስለዚ ከረንት ባለፈ ቁጥር ሙቀት ያወጣል፣ ይሄ ሙቀት የተጠራቀመ ኢነርጂ አይደለም፣ ተመልሶም አይመጣም። በጥያቄው 3 ሚሊሰከንድ ውስጥ ብቻ ሽቦው 78 ሚሊጁል ይበላል (ቀጥ ብሎ ከ2 ወደ 5 የሚሄድ ከረንት የስኩዌሩ አማካይ 13 ነው፣ ሲባዛ 2 ኦህም ሲባዛ 0.003)። ስለዚ ሶርሱ (ከረንቱን የሚሰጠው ባትሪ ወይ ፓወር ሰፕላይ) የሚከፍለው 183 ሚሊጁል ነው፣ 105ቱ ማግኔቲክ ፊልድ ውስጥ ገባ፣ 78ቱ ሙቀት ሆነ። ያን ቀጥ ያለ መስመር ለማምጣት ደሞ ሶርሱ ከ14 ቮልት ተነስቶ እስከ 20 መጨመር አለበት፣ ያንተ 12 ቮልት ይሄን አያደርግም።

12 ቮልትህ የሚያደርገውን እንስራው። መጨረሻ የሚደርስበት ከረንት 12 ሲካፈል ለ2፣ 6 አምፔር ነው፣ ታይም ኮንስታንቱ (ከረንቱ ከዜሮ ተነስቶ የመጨረሻውን 63 በመቶ ለመድረስ የሚፈጅበት ጊዜ) 0.01 ሲካፈል ለ2፣ 5 ሚሊሰከንድ። ከ2 ወደ 5 አምፔር ለመድረስ ወደ 6.9 ሚሊሰከንድ ይፈጅበታል፣ ምክንያቱም ከረንቱ ወደ 6 በቀረበ ቁጥር ለኮይሉ የሚተርፈው ቮልቴጅ እያነሰ ይሄዳል፣ መጨረሻ ላይ 12 ሲቀነስ 10፣ 2 ቮልት ብቻ። በዚ ጊዜ ውስጥ ሶርሱ የሚሰጠው ወደ 319 ሚሊጁል ነው፣ የተጠራቀመው ያው 105፣ ቀሪው 214 ሙቀት። አየህ፣ በዝግታ ሲሆን የሚጠራቀመው አላነሰም፣ ኪሳራው ነው የበዛው። ሌላ ብዙ ጊዜ የማየው ስህተት ደሞ እዚሁ ነው፣ ሶርሱ የሰጠውን ሙሉ ኢነርጂ አስልቶ ኮይሉ ውስጥ አለ ብሎ መውሰድ። እና ልብ በል፣ ከዜሮ ከጀመረ አንድ ታይም ኮንስታንት ሲያልፍ ከረንቱ 63 በመቶ ሲደርስ ኢነርጂው ገና 40 በመቶ ነው፣ ስኩዌር ስለሆነ።

ኢንዳክተርን ከካፓሲተር ጋር እያመሳሰልክ ከሆነ ማመሳሰሉ እዚ ጋር መቆም አለበት። ካፓሲተር ሞልተህ ሁለቱን እግሩን ለቀህ ብታስቀምጠው ኢነርጂውን ይዞ ይቆያል፣ ኢንዳክተር ግን ኢነርጂው ያለው ከረንቱ እየዞረ እስካለ ብቻ ነው። ባንተ ኮይል 6 አምፔር ላይ 180 ሚሊጁል ለመያዝ ሶርሱ በየሰከንዱ 72 ጁል እያቃጠለ ነው፣ አንድም ሳይጨምር። ለረጅም ጊዜ ኢነርጂ ማስቀመጫ ይሆነኛል ብለህ በመዳብ ሽቦ ኮይል አትጠምጥም፣ አይሆንም። ይሄ የሚሰራው ሬዚስታንስ ዜሮ ሲሆን ነው፣ ሱፐርኮንዳክተር ላይ። ሰርን (የአውሮፓ የፊዚክስ ምርምር ማዕከል) ያለው ላርጅ ሃድሮን ኮላይደር የሚባለው ቅንጣቶችን የሚያጋጭ ማሽን 1232 ዳይፖል (የቅንጣቶቹን መንገድ የሚያጥፉ) ማግኔቶች አሉት፣ እያንዳንዱ ኢንዳክታንሱ ወደ 0.1 ሄንሪ ነው፣ በሙሉ አቅሙ 11,850 አምፔር ሲያልፍበት በዚሁ ባንተ ቀመር ½ × 0.1 × 11,850² ብትል ወደ 7 ሚሊየን ጁል ለአንድ ማግኔት ይወጣል፣ 154ቱ በሴሪ ተያይዘው ስለሚሰሩ በአንድ ሰርኪት ከቢሊየን ጁል በላይ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 19 ቀን 2008 ከነዚ መስመሮች በአንዱ የሁለት ማግኔቶች ማያያዣ ተበላሽቶ አርክ (የኤሌክትሪክ ብልጭታ) ተፈጠረ፣ አርኩ ማግኔቶቹን የሚያቀዘቅዘውን የሂሊየም መያዣ በሳው፣ ማሽኑ ከአንድ አመት በላይ ቆመ። ማስጠንቀቂያው ላንተም ያው ነው፣ እየሄደ ያለ ከረንት መንገድ ስታሳጣው ኢነርጂው ራሱ መንገድ ይሰራል።

ወደ ሞስፌቱ ከመሄዴ በፊት አንድ ነገር ልናገር፣ ምክንያቱም ከዚ በላይ ያልኩት ሁሉ ኢንዳክታንሱ አይቀየርም ብሎ ነው የቆመው። ኮር (ሽቦው የሚጠመጠምበት ማግኔታዊ ቁስ) የሌለው ኮይል ከሆነ እውነት ነው። ኮሩ ፌራይት ወይ ብረት ከሆነ ግን እስከ የሆነ ከረንት ድረስ ብቻ ነው፣ ከዛ በኋላ ኮሩ ሳቹሬት ያደርግና (በማግኔቲክ ፊልድ ይሞላና) ኢንዳክታንሱ ይወርዳል። ይሄ ጥቃቅን እርማት አይደለም፣ መልሱን ከግማሽ በታች ሊያወርደው ይችላል። አንድ ምሳሌ ልስራልህ፦ ኮይሉ እስከ 3 አምፔር 10 ሚሊሄንሪ ሆኖ ከዛ በላይ ለሚጨመረው ከረንት 4 ሚሊሄንሪ ብቻ ነው የሚያሳየው እንበል። 5 አምፔር ላይ ስንት ኢነርጂ አለ? በ10 ከሰራህ 125 ትላለህ፣ በዝቷል። «አሁን ያለው 4 ነው» ብለህ በ4 ከሰራህ 50 ትላለህ፣ አንሷል። ትክክለኛው በየክፍሉ ነው፣ ከ0 እስከ 3 በ10 ሚሊሄንሪ 45፣ ከ3 እስከ 5 በ4 ሚሊሄንሪ ½ × 0.004 × (25 − 9) 32፣ ድምሩ 77 ሚሊጁል። ያንተ የ2 ወደ 5 ጥያቄ እዚ ኮይል ላይ ቢሆን መልሱ 25 ሲደመር 32፣ 57 ነው እንጂ 105 አይሆንም። በተግባር ኢንዳክታንሱ እንደዚ በአንዴ አይወድቅም፣ እየተንሸራተተ ነው የሚወርደው፣ ስለዚ የዳታሺቱን (የአምራቹን መረጃ ወረቀት) ከርቭ ይዘህ በትናንሽ ክፍል ትደምራለህ። ኤልሲአር ሜትር (ኢንዳክታንስ መለኪያ) ላይ ያነበብከው ቁጥር ደሞ በጣም ትንሽ ከረንት ላይ የተለካ ነው፣ 5 አምፔር ላይ ስላለው ምንም አይነግርህም።

ይሄን በአይንህ ማየት ትችላለህ፣ ኦሲሎስኮፕ ካለህ። ከኮይሉ ጋር በሴሪ 0.1 ኦህም ሬዚስተር አስገባና እሱ ላይ ያለውን ቮልቴጅ እያየህ፣ ከታች የምነግርህ ዳዮድ ከገባ በኋላ፣ አጭር ፐልስ ስጠው። ከረንቱ መጀመሪያ እንደ ማስመሪያ ቀጥ ብሎ ይወጣል፣ ከዛ አንድ ቦታ ላይ ይታጠፍና ወደ ላይ ይተኮሳል፣ ያ እጥፋት ኮሩ የሞላበት ቦታ ነው። (ሽቦው ትልቅ ሬዚስታንስ ካለው መስመሩ ወደ ታች መጉበጥ ይጀምራል፣ ያ ሌላ ነገር ነው፣ እሱን ከሳቹሬሽን ጋር አታምታታው፣ ሳቹሬሽን ወደ ላይ ነው የሚያጥፈው።) ከእጥፋቱ በላይ ያለው ቦታ ላይ ዲዛይን አይሰራም። ፐልሱን ከሚሊሰከንዶች ባነሰ ጀምረህ ቀስ እያልክ አስረዝም፣ አንዴ በረጅሙ ከሰጠኸው እጥፋቱን ሳታየው ሞስፌትህን ታጣለህ።

እግረ መንገዴን፣ ኢነርጂው ኮሩ ውስጥ ነው የሚቀመጠው ብሎ የሚያስብ ብዙ ነው፣ ኤር ጋፕ (የአየር ክፍተት) ያለው ኮር ላይ ግን አብዛኛው ያለው ክፍተቱ ውስጥ ነው። የፊልድ ኢነርጂ በአንድ ሴንቲሜትር ኩብ በቴስላው (የፊልዱ ጥንካሬ መለኪያ) ስኩዌር ያድጋል፣ በማቴሪያሉ ፐርሚያቢሊቲ (ማግኔቲክ ፊልድን የማሳለፍ አቅሙ) ደሞ ይካፈላል። 0.3 ቴስላ ላይ አየር በሴንቲሜትር ኩብ ወደ 36 ሚሊጁል ይይዛል፣ ፐርሚያቢሊቲው ከአየር 2000 እጥፍ የሆነ ፌራይት በዛው 0.3 ቴስላ የሚይዘው የዚህን 1/2000ኛ ነው። የኮሩ ስራ ፊልዱን ወደ ክፍተቱ መምራት ነው። ስለዚ ክፍተቱ ኢንዳክታንስ ይቀንሳል ብለህ ሁለቱን የኮር ግማሾች አጥብቀህ ብትገጥማቸው ሜትር ላይ ትልቅ ቁጥር ታያለህ፣ ግን በትንሽ ከረንት ይሞላና የሚይዘው ኢነርጂ በጣም ያነሰ ይሆናል። ኢነርጂ ለመያዝ ከሆነ የምትፈልገው ክፍተቱን ተወው።

ስለ አቅጣጫም ባጭሩ። ከረንቱ ከ2 አምፔር ወደ ኔጌቲቭ 2 ቢሄድ ለውጡ 4 አምፔር ነው፣ የኢነርጂው ለውጥ ግን ዜሮ። መሀል ላይ ዜሮ ሲያልፍ ሙሉ በሙሉ ወጥቶ ተመልሶ ገብቷል። ኤሲ ላይ የሚሆነው ይሄ ነው፣ 50 ኸርዝ ከሆነ በሰከንድ 100 ጊዜ ይሞላል 100 ጊዜ ባዶ ይሆናል። እዛ ላይ አርኤምኤስ ከረንት (የከረንቱ ስኩዌር አማካይ፣ ስኩዌር ሩት ሲወጣለት) ቀመሩ ውስጥ ብትከት የምታገኘው አማካዩን ኢነርጂ ነው፣ ሳይን ዌቭ ከሆነ ፒኩ የዚህ እጥፍ ነው። ሁለት ኮይል አንድ ኮር ላይ ከተጠመጠመ ደሞ ለየብቻ አስልቶ መደመር አይበቃም፣ በመሀላቸው ያለው የጋራ ኢንዳክታንስ እንደ አጠማጠሙ ይጨምራል ወይ ይቀንሳል።

አሁን ሞስፌትህ። 12 ቮልት አይደለም ያቃጠለው፣ 6 አምፔሩ ነው። ሞስፌቱ ኦፍ ሲል ኮይሉ ከረንቱን ወዲያው ዜሮ ማድረግ አይችልም፣ ስለዚ የራሱን ቮልቴጅ ገልብጦ 6 አምፔሩን ለማስቀጠል የሚፈልገውን ያህል ከፍ ያደርገዋል። በ10 ማይክሮሰከንድ ዜሮ ይሁን ብትለው 0.01 × 6 ሲካፈል ለ0.00001፣ 6000 ቮልት ይጠይቃል። ግን እዛ አይደርስም፣ ምክንያቱም ከ60 ቮልት ትንሽ ከፍ ሲል ሞስፌቱ ራሱ ተሰብሮ ከረንቱን ያሳልፈዋል፣ አቫላንች የሚባለው ነው። በዛች ቅጽበት ሞስፌቱ ላይ 60 ቮልት እና 6 አምፔር አንድ ላይ አለ፣ 360 ዋት፣ በዛች ትንሽ ቺፕ ላይ።

እና ስንት ሚሊጁል ይበላል? 180 ነው ካልክ አልጨረስክም። ከረንቱ እየወረደ እያለም በ12 ቮልቱ ሶርስ ውስጥ ነው የሚያልፈው፣ ስለዚ ሶርሱም በዛ ሰአት እየጨመረ ነው። ኮይሉ ላይ የሚቀረው 60 ሲቀነስ 12፣ 48 ቮልት ነው፣ 6 አምፔሩን ለመጨረስ 0.01 × 6 ሲካፈል ለ48፣ 1.25 ሚሊሰከንድ ይወስዳል፣ በዚ ጊዜ ሞስፌቱ የሚቀበለው 60 × 3 × 0.00125፣ 225 ሚሊጁል ነው። ባጭሩ የኮይሉ ኢነርጂ ሲባዛ 60 ሲካፈል ለ48። የሽቦው ሬዚስታንስ የራሱን ድርሻ ስለሚወስድ እውነተኛው ቁጥር ከ225 ዝቅ ይላል፣ ግን ለዲዛይን ያለ ሬዚስታንስ የተሰላውን ያዝ። ዳታሺቱ ላይ የአንድ ፐልስ አቫላንች ኢነርጂ የሚል መስመር አለ፣ ከሱ ጋር አስተያየው፣ እና ያ ቁጥር ቺፑ 25 ዲግሪ ላይ ሆኖ ለአንድ ፐልስ የተሰጠ መሆኑን አትርሳ፣ ሲግል ይቀንሳል። አንተ ደሞ በተደጋጋሚ ነው የምታደርገው። ደግነቱ ይሄን ሁሉ ሞስፌቱ መሸከም የለበትም።

መፍትሄው ዳዮድ (ከረንትን ባንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ) ነው፣ ከኮይሉ ጋር በፓራለል፣ ካቶዱ (መስመር ያለበት ጫፉ) ወደ ፖዘቲቭ። ሞስፌቱ ሲዘጋ ከረንቱ በዳዮዱ በኩል ኮይሉ ውስጥ ይዞራል፣ ሞስፌቱ የሚያየው 12.7 ቮልት አካባቢ ብቻ ነው። 180ው ሚሊጁል በሽቦው እና በዳዮዱ ላይ ቀስ ብሎ ሙቀት ይሆናል። ዳዮዱ መጀመሪያ ላይ ሙሉ 6 አምፔር ነው የሚያልፍበት እና እዛ ላይ አትቆጥብ፣ ቶሎ ቶሎ ኦን ኦፍ ስታደርግ ከረንቱ ዜሮ ሳይደርስ መልሰህ ስለምታበራው አማካዩም ትልቅ ነው፣ ባለ 1 አምፔሩን የሪሌይ ዳዮድ እዚ አታስገባ። በሰከንድ ብዙ ሺ ጊዜ ከሆነ ደሞ ፈጣን ወይም ሾትኪ ዳዮድ ነው የሚሆነው፣ ተራው ሬክቲፋየር ለመዝጋት ይዘገይና ሞስፌቱ ሲበራ ለአፍታ ሾርት ይፈጥራል።

የዳዮዱ ጉዳቱ ዝግታ ነው። ባንተ ኮይል ከረንቱ ዜሮ ለመድረስ 14.5 ሚሊሰከንድ ይፈጅበታል። ሪሌይ ወይም ሶሌኖይድ ከሆነ መልቀቁ ይዘገያል ማለት ነው። መፍጠን ካለበት ከዳዮዱ ጋር በሴሪ ባለ 24 ቮልት ዜነር (የተፃፈበት ቮልቴጅ ሲደርስ ወደ ኋላም የሚያሳልፍ ዳዮድ) በተቃራኒው አቅጣጫ ጨምር፣ ወደ 2 ሚሊሰከንድ ይወርዳል፣ ሞስፌቱ የሚያየው 37 ቮልት አካባቢ ነው፣ ከ60 በታች በቂ ርቀት አለው። ግን ያን ጊዜ አብዛኛው ኢነርጂ ከሽቦው ወደ ዜነሩ ይዞራል። በሰከንድ 20 ጊዜ ብታደርገው ኮይሉ በጠቅላላ የሚለቀው 180 ሚሊጁል × 20፣ 3.6 ዋት ነው፣ ትንሿ የግማሽ ዋት ዜነር ትፈነዳለች። ዋናውን ሃሳብ እንግዲህ አየኸው፣ ቮልቴጁን ከፍ ስታደርግ ቶሎ ያልቃል፣ ዝቅ ስታደርግ ይዘገያል፣ ኮይሉ የሚለቀው ኢነርጂ ግን ያው ነው፣ የት እንደሚሞቅ ብቻ ነው የምትመርጠው።

የኔ ምክር ባንተ ሁኔታ ቁርጥ ያለ ነው፦ ዜነሩን ተወውና ቢያንስ ባለ 10 አምፔር፣ 40 ወይ 60 ቮልት ሾትኪ ዳዮድ ኮይሉ እግር ላይ አስጠግተህ አስገባ፣ ሽቦው ረጅም ከሆነ የዳዮዱ መንገድ ራሱ ኢንዳክታንስ ይኖረዋልና። ዳዮዱን ገልብጠህ እንዳትገጥመው ደሞ ተጠንቀቅ፣ ሞስፌቱ በበራበት ቅጽበት 12 ቮልቱ በቀጥታ ሾርት ይሆናል። ያለ ዳዮድ «ለሙከራ ብቻ» ብለህ አንድም ጊዜ አታብራው። እና ትልቅ ኮይል ወይም ትራንስፎርመር ሬዚስታንሱን ስትለካ የመልቲሜትሩን ጫፍ በባዶ እጅህ ብረቱን ይዘህ አትንቀል፣ ሜትሩ የሚሰጠው ከረንት ትንሽ ቢሆንም ኢንዳክታንሱ ትልቅ ከሆነ ሲነቀል የሚወጣው ቮልቴጅ እጅህን ይመታሃል።

በስሌቱ በኩል ደሞ ከዛሬ ጀምሮ ለውጥ የሚል ጥያቄ ሲመጣ በቀጥታ ቀመር ውስጥ አትግባ፣ የከረንቱን ግራፍ ሳል፣ መነሻውና መድረሻው ላይ አምፔሩን ፃፍ፣ የሁለቱን ኢነርጂ ለየብቻ አውጣ፣ ከዛ ቀንስ። ኮሩ ፌራይት ወይ ብረት ከሆነ ከመቀነስህ በፊት የዳታሺቱን የሳቹሬሽን ከረንት እይ፣ መድረሻህ ከሱ በላይ ከሆነ በአንድ ኢንዳክታንስ አትስራ። ያንተን ኮይል የሳቹሬሽን ከረንት ስላልፃፍክልኝ 180 ሚሊጁል ያልኩትም 6 አምፔር ላይ 10 ሚሊሄንሪው እንዳለ ነው ብዬ ነው፣ ኮር ካለው ያችን የ0.1 ኦህም ሬዚስተር ሙከራ ዳዮዱ ከገባ በኋላ ስራትና እጥፋቱ ስንት አምፔር ላይ እንደመጣ እይ፣ ከ6 በታች ከሆነ የፐልሱን ርዝመት ከዛ በታች ላይ ገድበው።